የይለፍ ቃሉን ሁሉም ካወቀው ምስጢሩ የት አለ?

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ መንገደኛ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ደጀንን ካለፈ በኋላ የአዋበል ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን ሉማሜን ያገኛል። እንዲህ ባለች የአውራ መንገድ ከተማ የሚገኝ አንድ ምግብ ቤት የኢንተርኔት መስመር አስገብቶ፣ የዋይ ፋዩን የይለፍ ቃል በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፈ እንበል። ቃሉም፣ ለማስታወስ እንዲቀል፣ የባለቤቱ የእጅ ስልክ ቁጥር ነው። በአንዱ ጠረጴዛ አንዲት ተማሪ የፈተና ውጤቷን ትመለከታለች፤ በሌላው አንድ የእህል ነጋዴ ገንዘብ ያስተላልፋል፤ በረንዳው ላይ የተቀመጠው የጭነት መኪና ሾፌር ለቤተሰቡ ፎቶግራፍ ይልካል። በሦስቱም ስልኮች ላይ፣ ከኔትወርኩ ስም ጎን፣ ትንሽ የቁልፍ ምልክት ትታያለች።

ለመሆኑ ይህች ምልክት ምን ማለቷ ነው? የይለፍ ቃሉን ሁሉም ካወቀው ምስጢሩ የሚጠበቀው ከማን ነው? መልሱ የሚወሰነው ራውተሩ በሚጠቀምበት የምስጠራ ስታንዳርድ ነው። በአሮጌዎቹ ስታንዳርዶች፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ቃል ያነበበ ሰው የጎረቤቱን መልእክት ከአየር ላይ ሊያነብ ይችላል። በአዲሱ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ደብልዩ ፒ ኤ 3፣ ቃሉን ቢያውቅም እንኳ በማዳመጥ ብቻ ሊያነብ አይችልም። በዚህ ጽሑፍ ይህ ልዩነት ከየት እንደመጣ ደረጃ በደረጃ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ጉዳዩ ለአገራችን ሩቅ አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በእጅ ስልክ የሚያንቀሳቅሰው ሕዝብ በፍጥነት በዝቷል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበረም የሚታወስ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ የገመድ መስመር ባለበት ስፍራ ሁሉ በአንድ ራውተር ዙሪያ ብዙ ሰው ይሰበሰባል። ስለዚህ አንድን የይለፍ ቃል ለብዙዎች የማካፈል ልማድ ምን እንደሚያስከትል ማወቅ ይገባናል።

ሞገዱ ግድግዳ አያውቅም

ዋይ ፋይ የሬድዮ ሞገድ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ራውተር የሚለቀው ሞገድ ርዝመቱ 12.5 ሳንቲ ሜትር፣ በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራው ደግሞ 6 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህን ለማረጋገጥ የብርሃንን ፍጥነት ለፍሪኩዌንሲው ማካፈል ይበቃል። እንዲህ ያለው ሞገድ በቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ይንጸባረቃል፤ በእንጨትና በጭቃ ግድግዳ፣ በበርና በመስኮት ግን ኃይሉ ቢቀንስም ያልፋል። ከራውተሩ በራቅን ቁጥር ኃይሉ ከርቀቱ ካሬ ጋር በተገላቢጦሽ ይቀንሳል፤ ቢሆንም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያተኩር አንቴና የያዘ ሰው ተራ ስልክ ከማይቀበልበት ርቀት ሆኖ ሊቀበለው ይችላል።

ከዚህም በላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ማዳመጥ ዱካ አይተውም። የገመድ መስመርን ለመጥለፍ ሽቦውን መንካት ያስፈልጋል፤ የሬድዮ ሞገድን የሚያዳምጥ ሰው ግን ምንም ነገር አይነካም፣ ምንም ነገር አይልክም። ራውተሩም ሆነ ደንበኛው መኖሩን ሊያውቁ አይችሉም። እንግዲህ ሞገዱን ማገድ ካልተቻለ የቀረው አማራጭ መልእክቱን ሰሚ እንዳይረዳው አድርጎ መላክ ነው። ይህም ምስጠራ ይባላል።

የጎጃም ቅኔ ቤቶች፣ ዋሸራም ሆነ ጎንጅ፣ ያሠለጠኑት ጆሮ ይህን አሳብ በቀላሉ ይገነዘበዋል። ቅኔው በጉባኤ ፊት በይፋ ይነገራል፤ ሰሙን ሁሉም ይሰማዋል፤ ወርቁ ግን የሚገለጠው መፍቻው ላለው ብቻ ነው። ንጽጽሩ የሚያገለግለን እስከዚህ ድረስ ነው። የቅኔው መፍቻ የሊቁ ዕውቀት ሲሆን የምስጠራው መፍቻ ግን ቁልፍ የሚባል ቁጥር ነው። የምስጠራው ዘዴ በሙሉ ለዓለም ይፋ ሆኖ ሳለ፣ ይህ ቁጥር ብቻ ምስጢር ሆኖ መቆየት አለበት።

ዌፕ፦ አንድን ቁልፍ ደጋግሞ መጠቀም

የመጀመሪያው የዋይ ፋይ ስታንዳርድ፣ 802.11 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ ዌፕ የተባለ የምስጠራ ዘዴ ይዞ ነበር። ዌፕ አር ሲ 4 በተባለ ስልተ ቀመር ከቁልፉ ረጅም የ0 እና የ1 ተከታታይ ያመነጫል። ይህን የቁልፍ ጅረት እንበለው። የመልእክቱ እያንዳንዱ ቢት ከጅረቱ ቢት ጋር ይነጻጸራል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ 0፣ ከተለያዩ 1 ይላካል። ተቀባዩም ያንኑ ጅረት አመንጭቶ ያንኑ ሥራ ሲደግም መልእክቱን መልሶ ያገኛል።

ዘዴው አንድ ጥብቅ ግዴታ አለው። አንድ ጅረት ሁለት ጊዜ ጥቅም ላይ መዋል የለበትም። ምክንያቱን በትንሽ ምሳሌ እንመልከት። ጅረቱ 1011፣ አንደኛው መልእክት 0110፣ ሁለተኛው 1100 ቢሆን በአየር ላይ የሚታዩት 1101 እና 0111 ናቸው። አዳማጩ እነዚህን ሁለቱን እርስ በርስ ቢያነጻጽር 1010 ያገኛል። ይህ ደግሞ ሁለቱ እውነተኛ መልእክቶች ሲነጻጸሩ የሚገኘው ውጤት ራሱ ነው። ቁልፉ ከስሌቱ ፈጽሞ ወጥቷል! ከሁለቱ መልእክቶች አንዱን በግምት የደረሰበት ሰው ሌላውን ያለ ቁልፍ ያነባል።

የዌፕ ነዳፊዎች ይህን ስለሚያውቁ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ ጅረቱን የሚለውጥ የመነሻ ቁጥር ጨምረው ነበር። ነገር ግን ይህ ቁጥር ባለ 24 ቢት ብቻ ነው፤ ማለትም 16,777,216 ዓይነት ብቻ ሊኖረው ይችላል። ቁጥሩ ብዙ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ 23 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ሁለቱ በአንድ ቀን የተወለዱ የመሆናቸው ዕድል ከግማሽ በላይ እንደሆነ የፕሮባቢሊቲ ትምህርት ያስተምረናል። በዚሁ ስሌት የመነሻ ቁጥሮቹ በዘፈቀደ ከተመረጡ 4,800 ያህል ፓኬቶች ሲላኩ ሁለቱ አንድ ዓይነት ቁጥር የመያዛቸው ዕድል ግማሽ ይደርሳል። ሥራ የበዛበት ራውተር ይህን ያህል ፓኬት ለመላክ ሰኮንዶች ይበቁታል።

ሌላም ጉድለት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2001 ስኮት ፍሉረር፣ ኢትሲክ ማንቲንና አዲ ሻሚር አር ሲ 4 ቁልፉን የሚያዘጋጅበት መንገድ በጅረቱ መጀመሪያ ላይ ስለ ቁልፉ ፍንጭ እንደሚሰጥ አሳዩ። በዚህም መንገድ ፓኬቶችን የሰበሰበ ሰው መልእክቱን ብቻ ሳይሆን ቁልፉን ራሱን ሊያገኝ ቻለ። እ.ኤ.አ. በ2007 በጀርመን የዳርምሽታት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ተመራማሪዎች ባለ 104 ቢት የዌፕ ቁልፍን ከ60 ሰኮንድ ባነሰ ጊዜ ማግኘት እንደሚቻል አረጋገጡ፤ 40,000 ፓኬቶች ለግማሽ ዕድል በቂ ነበሩ። ቁልፉን ማርዘም ዌፕን ሊያድነው አልቻለም፤ ችግሩ ከቁልፉ ርዝመት ሳይሆን ከአጠቃቀሙ ነበርና።

ደብልዩ ፒ ኤ እና ደብልዩ ፒ ኤ 2

ዌፕ ሲወድቅ በዓለም ላይ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መሣሪያዎች ተሸጠው ነበር። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ2003 የዋይ ፋይ አምራቾች ማኅበር የሆነው ዋይ ፋይ አሊያንስ ጊዜያዊ መፍትሔ አቀረበ፤ ስሙም ደብልዩ ፒ ኤ ነው። አር ሲ 4 ሳይለወጥ፣ የመነሻ ቁጥሩ ከ24 ወደ 48 ቢት አደገ፤ ለእያንዳንዱ ፓኬት የተለየ ቁልፍ እንዲዘጋጅም ተደረገ። ይህ ቲኪፕ የተባለው ዘዴ አሮጌዎቹን መሣሪያዎች በሶፍትዌር ለውጥ ብቻ ለማዳን የታቀደ ነበር።

ዘላቂው መፍትሔ ደብልዩ ፒ ኤ 2 ሲሆን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2004 በጸደቀው 802.11አይ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ አር ሲ 4 ተጥሎ ኤ ኢ ኤስ ተተካ። ኤ ኢ ኤስ ዮአን ዳመንና ቪንሰንት ራይመን የተባሉ ሁለት ቤልጂጋውያን የነደፉት፣ በይፋ ዓለም አቀፍ ውድድር ተመርጦ እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካ ስታንዳርድ የሆነ ስልተ ቀመር ነው። ባለ 128 ቢት ቁልፉን አንድ በአንድ በመሞከር ለማግኘት የዓለም ኮምፒውተሮች ሁሉ ቢተባበሩ አይበቁም። ከመጋቢት 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደብልዩ ፒ ኤ 2 የማኅበሩን ማረጋገጫ ለሚሹ አዳዲስ መሣሪያዎች ሁሉ ግዴታ ሆነ።

እንግዲህ ስልተ ቀመሩ ይህን ያህል ከጠነከረ ችግሩ ምን ቀረው? የቀረው ችግር ቁልፉ የሚወለድበት መንገድ ነው።

ከአየር ቀድቶ መሄድ

በደብልዩ ፒ ኤ 2 የይለፍ ቃሉና የኔትወርኩ ስም 4,096 ጊዜ ተደጋግመው በሚሠሩበት ስሌት አልፈው ዋና ቁልፍ ይሆናሉ። ከዚያም ስልኩና ራውተሩ አራት መልእክቶችን ይለዋወጣሉ። በዚህ የትውውቅ ልውውጥ እያንዳንዳቸው አንድ የዘፈቀደ ቁጥር ይልካሉ፤ የዕለቱ ቁልፍም ከዋናው ቁልፍ፣ ከሁለቱ ቁጥሮችና ከሁለቱ መሣሪያዎች አድራሻ ይሠራል። ዋናውን ቁልፍ እንደሚያውቁ ለማስመስከርም በስሌት የተገኘ ማኅተም ይለዋወጣሉ።

አሁን አዳማጩን እናስታውስ። ሁለቱ የዘፈቀደ ቁጥሮች፣ ሁለቱ አድራሻዎችና ማኅተሙ ያለ ምስጠራ በአየር ላይ ይተላለፋሉ። አዳማጩ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የይለፍ ቃሉ። ስለዚህ የሰማውን መዝግቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በኮምፒውተሩ ላይ አንድ ቃል ይገምታል፣ ስሌቱን ይሠራል፣ ማኅተሙ ከተቀዳው ጋር መግጠሙን ያያል። ካልገጠመ ሌላ ይሞክራል። ራውተሩ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ግምቶቹንም ሊቆጥርና ሊያግድ አይችልም።

ይህ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? በምግብ ቤቱ ምሳሌ እናስላው። የእጅ ስልክ ቁጥር 10 አሃዝ ቢኖረውም የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 09 እንደሆኑ ማንም ያውቃል። የሚቀሩት 8 አሃዞች 100 ሚሊዮን አማራጮች ናቸው። ዘመናዊ የግራፊክስ ካርድ ያለው አንድ ኮምፒውተር በሰኮንድ ከ1 ሚሊዮን በላይ ግምቶችን ሊሞክር ይችላል። ስለዚህ በ09 የሚጀምሩት ቁጥሮች በሙሉ በ100 ሰኮንድ ገደማ ተሞክረው ያልቃሉ። በ07 የሚጀምሩትንም ብንጨምር ጊዜው በእጥፍ ብቻ ያድጋል። ቡና ከመፈላቱ በፊት ሥራው ይጠናቀቃል ማለት ነው።

ቃሉ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈማ መገመትም አያስፈልግም። የተማሪዋ ስልክ ከራውተሩ ጋር ሲተዋወቅ ያዳመጠ ማንኛውም ደንበኛ የእርሷን የዕለት ቁልፍ ራሱ ሊያሰላው ይችላል። ተማሪዋ ቀድማ ገብታ ከሆነም አዳማጩ በራውተሩ ስም "ግንኙነቱ ተቋርጧል" የሚል ሐሰተኛ መልእክት ይልክላታል፤ ስልኳ ተቋርጦ እንደገና ሲተዋወቅ ይቀዳዋል። በብዙ የደብልዩ ፒ ኤ 2 ኔትወርኮች እነዚህ የአስተዳደር መልእክቶች ጥበቃ የላቸውምና። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ ዛሬ የተቀዳው ልውውጥ የይለፍ ቃሉ ከአንድ ዓመት በኋላ ቢታወቅም ሊከፈት መቻሉ ነው።

ደብልዩ ፒ ኤ 3፦ ግምትን የማያረጋግጥ ልውውጥ

ደብልዩ ፒ ኤ 3 ይህን ችግር ከሥሩ ለመንቀል የታሰበ ነው። የትውውቅ ልውውጡ ኤስ ኤ ኢ በተባለ አዲስ ዘዴ ተተክቷል፤ መነሻውም ዳን ሃርኪንስ እ.ኤ.አ. በ2008 ያቀረበው ድራጎንፍላይ የተባለ አሳብ ነው። እውነተኛው ስሌት ኤሊፕቲክ ኩርባ በሚባሉ የሒሳብ ቅርጾች ላይ የሚሠራ ቢሆንም፣ አሳቡን በትንንሽ ቁጥሮች ቀለል አድርገን ማሳየት እንችላለን።

ራውተሩና ስልኩ በ47 እያካፈሉ ቀሪውን ብቻ ለመያዝ ተስማሙ እንበል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ከይለፍ ቃሉ ደግሞ በስሌት 5 የተባለ ቁጥር ያገኛሉ። ይህን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ስልኩ በልቡ 9ን ይመርጣል፤ 5ን በራሱ 9 ጊዜ አባዝቶ ለ47 ሲያካፍል ቀሪው 40 ነው፤ 40ን ይልካል። ራውተሩ በልቡ 14ን ይመርጣል፤ በዚያው መንገድ 27ን ያገኝና ይልካል። ከዚያም ስልኩ የተቀበለውን 27 በራሱ 9 ጊዜ ያባዛል፤ ቀሪው 34 ነው። ራውተሩ የተቀበለውን 40 በራሱ 14 ጊዜ ያባዛል፤ ቀሪው አሁንም 34 ነው። 34 በአየር ላይ ፈጽሞ አልተላከም፤ ሁለቱ ግን የጋራ ምስጢር አድርገው ይዘውታል። አንባብያን በወረቀትና በእርሳስ እንዲያረጋግጡት እንጋብዛለን።

አዳማጩ የሰማው 40ን እና 27ን ብቻ ነው። ወደ ቤቱ ወስዶ "ምናልባት ከይለፍ ቃሉ የሚገኘው ቁጥር 10 ይሆን?" ብሎ ይገምት። 10 በራሱ 15 ጊዜ ሲባዛ ቀሪው 40፣ 8 ጊዜ ሲባዛ ቀሪው 27 ነው። ይህም ግምት ከሰማው ጋር ሙሉ በሙሉ ይስማማል! ነገር ግን የጋራ ምስጢሩ በዚህኛው 16 በሆነ ነበር እንጂ 34 ባልሆነ። የተሳሳተው ግምትም ትክክለኛው ግምትም ከተቀዳው ጋር እኩል ይገጥማሉ። አዳማጩ የቀዳው ነገር የትኛው እውነት እንደሆነ አይነግረውም።

እርግጥ ነው፣ እንዲህ ባሉ ትንንሽ ቁጥሮች ሁሉንም አማራጭ ሞክሮ መጨረስ ይቻላል። እውነተኛው ስሌት የሚጠቀምባቸው ቁጥሮች ግን ባለ 256 ቢትና ከዚያም በላይ በመሆናቸው፣ 40ን አይቶ 9ን መልሶ የማግኘት ሥራ ለዛሬ ኮምፒውተሮች የማይቻል ነው።

ከዚህ ሦስት ውጤቶች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ግምቱን ለማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ለእያንዳንዱ ግምት በራውተሩ አጠገብ ተገኝቶ አዲስ ልውውጥ መጀመር አለበት። ራውተሩ በሰኮንድ 10 ሙከራ ቢቀበለው እንኳ፣ በ100 ሰኮንድ ያልቁ የነበሩት 100 ሚሊዮን ግምቶች 116 ቀን ገደማ ያለ ዕረፍት ይፈጃሉ። ያ ሁሉ ጊዜም ዱካው ይታያል። ሁለተኛ፣ የይለፍ ቃሉን ማወቅ የሌላውን ደንበኛ የጋራ ምስጢር አያስገኝም፤ 9 እና 14 በሁለቱ መሣሪያዎች ልብ ውስጥ ቀርተዋልና። ሦስተኛ፣ እነዚህ ቁጥሮች ከልውውጡ በኋላ ስለሚጣሉ፣ የይለፍ ቃሉ ነገ ቢወጣ እንኳ ትናንት የተቀዳው አይከፈትም። በተጨማሪም ሐሰተኛ የማቋረጫ መልእክትን የሚከላከለው ጥበቃ በደብልዩ ፒ ኤ 3 ግዴታ ነው።

ለእንግዶች ክፍት ለሆኑ ኔትወርኮችም ኦ ደብልዩ ኢ የተባለ ዘዴ ወጥቷል። በዚህ ዘዴ የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ እያንዳንዱ ስልክ ከራውተሩ ጋር የራሱን ቁልፍ ይፈጥራል። አዳማጭን ከመከላከል አንጻር ሲታይ፣ በዚህ ዘዴ የሚሠራ ያለ ይለፍ ቃል ክፍት የሆነ ኔትወርክ፣ ቃሉ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ የደብልዩ ፒ ኤ 2 ኔትወርክ ይሻላል። ይህ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ይሆናል፤ ከላይ ያየነው ስሌት ግን ወደዚሁ ይመራል።

አዲሱም ገደብ አለው

ከዚህ በመነሣት ደብልዩ ፒ ኤ 3 እንከን የሌለው ነው ማለት አይቻልም። የስታንዳርዶች ታሪክ የሚያሳየን አሳቡ ትክክል ሆኖ አፈጻጸሙ ሊበላሽ እንደሚችል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በቤልጂግ የሉቨን ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማቲ ቫንሁፍና ፍራንክ ፒሰንስ ክራክ የተባለውን ጥቃት ይፋ አደረጉ። ከአራቱ የትውውቅ መልእክቶች ሦስተኛው ተደግሞ ሲላክ መሣሪያው ያንኑ ቁልፍ እንደገና አስገብቶ ቆጠራውን ከመጀመሪያ ይጀምር ነበር። ይህም የቁልፍ ጅረትን መድገም ማለት ነው፤ የዌፕ አሮጌ በሽታ በሌላ በር ገባ። መድኃኒቱ የሶፍትዌር እድሳት ነበር።

ደብልዩ ፒ ኤ 3ም ከወጣ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ቫንሁፍና ኤያል ሮነን ድራጎንብለድ የተባሉ ጉድለቶችን አገኙ። የይለፍ ቃሉን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ስሌት እንደ ቃሉ ዓይነት የሚፈጀው ጊዜ ይለያይ ነበር፤ ጊዜውን የለካ ሰው ስለ ቃሉ ፍንጭ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ስሌቱ ጊዜው በማይለያይ ሌላ ዘዴ እንዲተካ ተደርጓል። ሌላው ያሳዩት ችግር አሮጌና አዲስ ስልኮችን አብሮ የሚያስተናግደውን የሽግግር አሠራር ይመለከታል። አንድ የይለፍ ቃል ለሁለቱም ስታንዳርዶች ካገለገለ፣ አጥቂው ስልኩን ወደ ደብልዩ ፒ ኤ 2 አታልሎ ሊያወርደውና ልውውጡን ሊቀዳ ይችላል።

ሁለት ተጨማሪ ገደቦችም አሉ። የመጀመሪያው፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው በዚያው ስም የራሱን ሐሰተኛ ራውተር ሊተክል መቻሉ ነው። ይህ ማዳመጥ ሳይሆን ማስመሰል ስለሆነ ኤስ ኤ ኢ ብቻውን አያግደውም። ሁለተኛው፣ የዋይ ፋይ ምስጠራ የሚጠብቀው በስልኩና በራውተሩ መካከል ያለውን አየር ብቻ መሆኑ ነው። ከራውተሩ ወዲያ ያለውን መንገድ የሚጠብቀው ቲ ኤል ኤስ የተባለ ሌላ ምስጠራ ነው፤ የባንክና የክፍያ አገልግሎቶች የሚተማመኑበትም እርሱን ነው። የነጋዴው ገንዘብ በአንድ የዋይ ፋይ ጉድለት ወዲያው የማይዘረፈው በዚህ ምክንያት ነው። ቢሆንም የትኞቹን አገልግሎቶች፣ መቼና ምን ያህል እንደሚጠቀም አዳማጩ ሊያውቅ ይችላል፤ ጥበቃ የሌለውን ድረ ገጽ ከከፈተ ደግሞ ሁሉንም ያያል።

ከዕውቀት ወደ ተግባር

ይህን የተረዳ ተማሪ በቤቱ፣ በትምህርት ቤቱ ወይም በወላጆቹ የንግድ ቤት ሊያስተካክላቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ። በመጀመሪያ የራውተሩን መቼት ከፍቶ የምስጠራውን ዓይነት ይመልከት። ዌፕ ወይም ቲኪፕ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ይለውጠው። መሣሪያዎቹ ሁሉ የሚቀበሉት ከሆነ ደብልዩ ፒ ኤ 3ን ብቻ ይምረጥ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2020 ወዲህ ደብልዩ ፒ ኤ 3 የዋይ ፋይ አሊያንስን ማረጋገጫ ለሚሹ አዳዲስ መሣሪያዎች ግዴታ ሆኗል፤ አንድሮይድም ከ10ኛው እትም ጀምሮ ይደግፈዋል። አሮጌ ስልኮች ካሉ ኤ ኢ ኤስን የሚጠቀም ደብልዩ ፒ ኤ 2 አሁንም ያገለግላል፤ የይለፍ ቃሉ ግን ጠንካራ መሆን አለበት።

ጠንካራ ሲባል ምን ያህል ነው? 2,000 ቃላት ካሉበት ዝርዝር 5 የአማርኛ ቃላትን በዕጣ አውጥተን በላቲን ፊደል አያይዘን ብንጽፋቸው አማራጮቹ ከ32 ሺህ ትሪሊዮን አያንሱም። በሰኮንድ 1 ሚሊዮን የሚሞክር ኮምፒውተር ሁሉንም ለመጨረስ 1,000 ዓመት ገደማ ያስፈልገዋል። ቃላቱ በዕጣ መውጣት አለባቸው፤ ከታወቀ ግጥም ወይም ምሳሌያዊ አነጋገር የተወሰደ ሐረግ ግን በመጀመሪያዎቹ ግምቶች መካከል ይገኛል። የስልክ ቁጥር፣ የልደት ቀንና የድርጅት ስም ከናካቴው አይታሰቡ።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ባለ 8 አሃዝ ቁጥር አስገብቶ ለመገናኘት የሚያስችለውን ደብልዩ ፒ ኤስ የተባለ አገልግሎት ይዝጋ። እ.ኤ.አ. በ2011 እንደታወቀው ራውተሩ ይህን ቁጥር በሁለት ግማሽ ከፍሎ ስለሚመረምርና የመጨረሻው አሃዝ ከሌሎቹ ስለሚሰላ፣ በቂ የሚሆኑት ሙከራዎች 10,000 ሲደመር 1,000፣ ማለትም 11,000 ብቻ ናቸው። ሦስተኛ፣ የእንግዶች ኔትወርክ ከንግድ ቤቱ የሒሳብ ኮምፒውተር የተለየ ይሁን፤ ብዙ ራውተሮች ይህን ይፈቅዳሉ። አራተኛ፣ የራውተሩ ሶፍትዌር ይታደስ፤ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃልም ይለወጥ። በመጨረሻም በሕዝብ ዋይ ፋይ ላይ ሳለን ስልካችን ስለ ድረ ገጹ ምስክር ወረቀት ማስጠንቀቂያ ከሰጠን "ይቀጥል" ብለን አንለፈው፤ የሐሰተኛ ራውተር ምልክት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ለወጣት አንባብያን አንድ ማሳሰቢያ እናክላለን። እነዚህን ዘዴዎች በራስ ራውተርና በራስ ስልክ ላይ መመርመር መልካም ትምህርት ነው። የሌላውን ኔትወርክ ያለ ፈቃድ መድረስና የሌላውን ግንኙነት መጥለፍ ግን በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰዎችን የግል መረጃ የሚሰበስብ አካል እንዲጠብቀው ያስገድዳል።

ከ1997 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ባሉት 21 ዓመታት የተደረገውን ጉዞ ስንመለከት የሚደነቀው የስልተ ቀመሮቹ መጠንከር ብቻ አይደለም። ኤ ኢ ኤስ በደብልዩ ፒ ኤ 2ም ነበረ፤ በደብልዩ ፒ ኤ 3ም ቀጥሏል። ትልቁ ለውጥ የመጣው ነዳፊዎቹ "አዳማጩ መልእክቱን መፍታት ይችላል ወይ?" ከሚለው ጥያቄ አልፈው "አዳማጩ ከአየር ላይ ይዞት የሚሄደው ነገር ምን ይጠቅመዋል?" ብለው ሲጠይቁ ነው። መልሱንም ያገኙት በሒሳብ ክፍል ከምንማረው የማካፈልና የቀሪ ስሌት ነው። በ47 የሠራነውን ምሳሌ በትልልቅ ቁጥሮች፣ ለምሳሌ በ101 ወይም በ1,009፣ ደግሞ መሞከር ለአንባብያን የምንተወው የቤት ሥራ ነው።